የኮመጠጠ ንፍሮ

እናቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ቀጭን እንጨት ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት የቆመበት በር ካያችሁ የእኛ ቤት እሱ ነበር። ትምህርት ቤት የጠላ ሻጭ ልጅ መሆን ያስተርባል። ደብተሬ ሳይቀር ጌሾ ይሸታል ብለው የሚስቁብኝ ልጆች ነበሩ፤ አልዋሹም፣ ይሸት ነበር። ሐይቁ ዳር ስንወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የጠላ ሻጭ ልጅ ንጉሥ ነው።

ያነገሠኝ አተላ ነው። ጠላው አልቆ ጋኑ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚቀረው ወፍራም አተላ አብዛኛው ለጎረቤት ላሞችና ለውሃ ቀጂው አህያ ይሄዳል። የተረፈውንና የጋኑን እጣቢ እኔ በባልዲ ተሸክሜ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስደፋው መጀመሪያ ቡናማ ደመና ይሆናል። ደመናው ሲበተን የብቅሉ ገለባና የእንኩሮው ፍርፋሪ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰጥማል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ቀጥሎ የውሃው ፊት ዝንብ እንዳረፈበት የፈረስ ቆዳ ይርገበገባል። ዓሦቹ፣ ቆሮሶዎቹ፣ መጡ ማለት ነው።

መንጠቆ የምንለው ከመርፌ ቁልፍ የተጠመዘዘ ሽቦ ነበር፤ ክራችን ከማዳበሪያ ጆንያ የተተረተረ ናይለን፤ ማባበያችን የምድር ትል። እንዲሁ በሜዳው ግማሽ ቀን ተቀምጠን አንድ ሁለት ዓሣ ብንይዝ ነው። አተላ በተደፋበት ግን ትሉ እስኪያልቅ ድረስ እንስባለን። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «ዛሬ ጋን ይታጠባል ወይ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። እናቴ ትስቃለች። «ጠላዬን ከሰው ይልቅ ዓሣ ወደደልኝ» ትላለች።

ዓሣው ለምን እንደሚመጣ ያኔ ማናችንም አልጠየቅንም። እህል ነው፣ ርቦታል፣ ይመጣል፤ በቃ። ነገሩ እንደገና የተነሣብኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ፣ አሳንሰር ላይ ቆሜ ነው።

ቶተንሃም የምኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ለሦስት ሰው ይጠባል። አንድ የሰኔ ምሽት ከሥራ ስመለስ አንድ ሽማግሌ ክዳን ያለው ባልዲ ይዘው አብረውኝ ገቡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። በሩ እንደተዘጋ ሽታው ሞላው። ሽማግሌው አፈሩ። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሽታው ይከብዳል» አሉኝ። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ብያቸዋለሁ። በአፍንጫዬ የገባው ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ጥንስስ ነበርና። «አይከብድም፤ የእናቴ ቤት ነው የሚሸተው» አልኳቸው። የምወርድበት ፎቅ አለፈኝ።

በራቸው ላይ ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ተቀቅሎ የፈነዳ ጥቁር የሄምፕ ፍሬ፤ ላዩ ላይ ስስ ነጭ አረፋ፤ ውሃው እንደ ሽሮፕ ወፈር ያለ። «ይኼማ ንፍሮ ነው!» አልኩ በአማርኛ። በእኛ ቤት ንፍሮ ለለቅሶ ነው፣ ጉልባኑ ደግሞ ለጸሎተ ሐሙስ። አድሮ ከኮመጠጠ ይደፋል። እሳቸው ግን አብስለው፣ ሆን ብለው አኮምጥጠው፣ ክዳን ገጥመው እንደ ቅቤ ይንከባከቡታል።

ለካርፕ ነው አሉኝ። ካርፕ በእኛም አገር፣ በዝዋይና በቆቃ፣ ከውጭ ገብቶ የተላመደ ዓሣ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከዓሣም በላይ ነው፤ ሰዎች ትዳር እስኪያስቀይም ድረስ ሌሊት የሚያድሩለት ፍጡር ነው። እነዚህ ሰዎች የእህል ማባበያን ጉዳይ እንደ ሃይማኖት ነገር ይከራከሩበታል። ሽማግሌው ባልዲውን መሬት አስቀምጠው አስረዱኝ። አንድ ትልቅ ጉርሻ ማባበያ ብታቀርብለት ካርፕ ብልጥ ነው፤ አንዴ ከተያዘበት ሁለተኛ አይጠጋውም። ትንንሽ ፍሬ በብዛት ብትበትንለት ግን ጭንቅላቱን ጭቃው ላይ ደፍቶ ፍሬ በፍሬ ሲለቅም መጠርጠሩን ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮድ ሃቺንሰን የሚባል አጥማጅ ይህን ዘዴ በስፋት አስተዋወቀው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1980 ደግሞ ክሪስ ዬትስ የተባለ ሰው ሄርፎርድሺር ውስጥ ከምትገኝ ሬድማየር ከምትባል የ3 ኤከር ኩሬ 51 ተኩል ፓውንድ፣ በእኛ መለኪያ ከ23 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካርፕ አወጣ። በዘመኑ በአገሩ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ነበር። መንጠቆው ላይ የነበረው ምንድን ነው? ከሱቅ የሚሸመት የቆርቆሮ በቆሎ። ሽማግሌው ይህን የሚተርኩት እንደ ገድል ነው።

አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ድርቁን እህል አንድ ቀን ሙሉ መዘፍዘፍ፤ በቆሎ ከሆነ እስከ ሁለት ቀን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል። የተቀቀለበትን ውሃ አለመድፋት፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ከነውሃው ባልዲ ውስጥ ከትቶ ሁለት ሦስት ቀን መተው። የቀረውን ጊዜው ይሠራዋል።

የመጀመሪያዬን ሽምብራ ከሐበሻ ሱቅ ገዝቼ ለሦስት ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ አሥር ደቂቃ ቀቀልኩት። የአውደ ዓመት ሽሮ የሚጠብቀኝ ይመስል ቸኩዬ ነበር። ይዤላቸው ስወጣ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጨመቁት። አልተሰነጠቀም። በጥርሳቸው ከፈሉት፤ ውስጡ ነጭና ደረቅ ነው። እንደዚያ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ይህን ውሃ ውስጥ ከጣልከው ሁለተኛ አላናግርህም» አሉኝ። ካርፕ ጨጓራ የለውም። እህሉን ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ጨፍልቆ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ይልከዋል። በሚገባ ውሃ ያልጠጣ ፍሬ እዚያ ውስጥ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ያብጣል። «ልታበላው ጠርተኸው ልትገድለው ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው ሙከራዬ በአሰራሩ እንከን አልነበረውም። ዘፍዝፌ፣ ቀቅዬ፣ ባልዲ ውስጥ ከትቼ፣ ሽታው ቤተሰቡን እንዳያስቸግር ክዳኑን በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋሁትና ከማዕድ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። የሐምሌ ሙቀት ነው። በሦስተኛው ሌሊት ቤቱ ውስጥ መድፍ የተተኮሰ መሰለን። ባለቤቴ ሌባ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ወጣች። የቁም ሣጥኑ በር ተንጠልጥሏል፤ በቆሎ ከጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ወለሉ ያሟልጫል። መጥረጊያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና «እናትህ በጋን ጠምቃ ልጅ አሳደገች፤ አንተ በባልዲ ጠምቀህ ቤት ታፈርሳለህ» ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

በማግስቱ ባሕር ዳር ደወልኩ። እናቴ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ረጅም ሳቅ ሳቀች።

«ጥንስስ አፉ ታፍኖ ይታሸጋል እንዴ ልጄ? ይተንፍስ እንጂ! ጋኔን መቼ ደፍኜው አይተህ ታውቃለህ?»

«ጠላ አይደለም እኮ እማዬ፤ ንፍሮ ነው።»

«እህልና ውሃ ከተገናኙ ስሙን የፈለግከውን በለው» አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ዋናውን ነገር ነገረችኝ። «ማሽተቱን አትርሳ። አፍህን ውሃ ካስሞላህ ደኅና ነው፤ ኮምጥጧል። ጉሮሮህን ከያዘህ ድፋው፤ ሻግቷል። መሐል የለውም።»

ይህን ለሽማግሌው ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውም ሕግ ይኸው ነው። ነጭ አረፋና የሆምጣጤ ሽታ ይጠበቃል፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉር ያበቀለ ግን ውሃ አያይም፤ ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ሁለቱም ሳይማሩት ያወቁት ነገር ሳይንስ አለው። ተቀቅሎ የተተወ እህል ላይ ባክቴሪያና እርሾ ይሠፍሩበታል፤ የእህሉን ስኳር ወደ አሲድ፣ ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጡታል። የእኔን ቁም ሣጥን የፈነቀለው ያ አየር ነው። አሲዱና የሟሟው ስኳር በውሃ ውስጥ ቶሎ ይሰራጫሉ፤ ካርፕ በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጢሞች ጭቃ ለጭቃ እየዳበሰ ምንጩን ይፈልጋል። የጣናዎቹ ቆሮሶዎችም ከገለባው ይልቅ የተከተሉት ይህን የኮመጠጠ ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ሻጋታ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በተለይ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው አንዱ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መልሶ መቀቀልም አያጠፋውም። የኮመጠጠውም የሻገተውም እህል አርጅቷል። አንዱ ያረጀው በስሎ ነው፤ ሌላው ተበላሽቶ ነው። አፍንጫ ካልለየላችሁ ቀን ቆጠራ ምንም አይጠቅማችሁም።

ሦስተኛው ባልዲዬ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ቦታችን በሊ ወንዝ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች አንዱ ነው፤ ድሮ ጠጠር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸው ሐይቅ የሆኑ። ሦስት ምሽት በተከታታይ እየሄድን በዚያው ቦታ አንዳንድ ጭብጥ ብቻ በትነን ያለ መንጠቆ ተመለስን። ሽማግሌው ቦታ ማልመድ ነው አሉ። በአራተኛው ንጋት ዘንጉን ዘረጋን። በቆሎውን መንጠቆው ላይ አይሰኩትም፤ ከመንጠቆው ሥር በተንጠለጠለች ቀጭን ክር ላይ ይሰኩታል። ክሯን «ጸጉር» ይሏታል፤ ዘዴው ሲፈጠር የተሞከረው በእውነተኛ የሰው ጸጉር ነውና። ዓሣው ፍሬውን ሲስብ መንጠቆው ተከትሎ ይገባል።

ከውሃው ሥር ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ሽማግሌው በዓይናቸው ብቻ ጠቀሱኝ። እኔ አረፋውን ሳይ ጋን የታጠበበት ቅዳሜ ታየኝ። ከዚያ ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ እጄ ላይ ያለው ክብደት ወደ ጥልቁ ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል ስንጎተት ቆየን። በመረቡ ስናወጣው ስድስት ኪሎ ሆነ። ጎኑ ያረጀ ነሐስ ይመስላል፤ ከንፈሩ ወፍራም፣ ጢሙ የቄስ። ሽማግሌው ስፖንጅ የመሰለ ፍራሽ ውሃ አርሰው መሬት ላይ ዘርግተው ነበር፤ እዚያ ላይ አስተኝተነው መንጠቆውን አወጡለት፣ ከንፈሩን መድኃኒት ቀቡለት፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ደግፈው ውሃው ውስጥ ያዙት። እስኪጠነክር ጠበቁት። ሄደ።

ይህን ግማሹን ብቻ ነው ለእናቴ በስልክ ለመናገር የደፈርኩት፤ ግማሹን ራሷ አወጣጣችኝ።

«ስንት ኪሎ አልከኝ?»

«ስድስት።»

«እና ጠበሳችሁት?»

«ለቀቅነው እማዬ። እዚህ እንደዚያ ነው።»

ዝም አለች። «ቀቅለህ፣ አኮምጥጠህ፣ ሦስት ቀን አብልተህ፣ ይዘህ፣ ለቀቅከው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይኼ ዝክር ነው እንጂ ምኑን ማጥመድ ሆነ!»

ሽማግሌው ይህንን ሲሰሙ ዝክር ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ካስረዳኋቸው በኋላ «እናትህ ልክ ናቸው» አሉ። በሳምንቱ የተገነጣጠለ አሮጌ መጽሐፍ አዋሱኝ፤ ኢዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ያሳተመው የዓሣ አጥማጆች መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው መንገደኞች በቶተንሃም ኮረብታ ላይ ሲገናኙ ነው፤ እኔ በየቀኑ አውቶቡስ በምጠብቅበት ሰፈር። አንድ ቦታ ላይ ደርሼ መጽሐፉን ዘጋሁት። ዋልተን ብሪም ለሚባል ዓሣ ማባበያ እንዲሆን የገብስ ብቅል በብረት ድስት ማፍላትንና በከረጢት ማጥለልን ያስተምራል። የተጠለለው ውሃ ደግሞ ፈረሱን እንደጠቀመው ይናገራል። ብቅሉ ለዓሣ፣ ውሃው ለፈረስ። የእናቴ ቤት አተላ ለአህያ፣ እጣቢው ለቆሮሶ። ብቅል የሚያፈላ ሰው ከከብትና ከዓሣ ጋር የሚጋራው ነገር የትም አይጠፋም ማለት ነው።

ያን መጽሐፍ ስመልስላቸው ግን ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር። በኋላ ነገርኳቸው፤ እዚህም ልናገረው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ክረምቱን ፎገራ፣ አጎቴ ዘንድ አሳለፍኩ። ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ነበር። በዚያ ወቅት እኛ ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ዓሦች ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አላቸው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚራቡትም እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ነው። አንድ ቀን ከፍ ከፍ ያሉ ልጆች የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። እኔም አብሬ ወረድኩ። ዱቄቱን ዛፍ ከወደቀበት፣ ውሃው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ በተኑት። አንዱን ጭብጥ የበተንኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ እንደ አተላው ነበር፤ ውሃው ላይ ሲደርስም እንደዚያው ደመና ሆነ። ከዚያ ግን የውሃው ፊት አልተርገበገበም። ዓሦቹ በጎናቸው ተጋድመው፣ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው መንሳፈፍ ጀመሩ። ትልልቆቹ፣ ትንንሾቹ፣ ማንም የማይበላቸው ጣት የማያክሉም። ብርብራ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለው፤ ዓሣው በውሃ ውስጥ እያለ አየር እንዳጣ ሰው ይሆናል። ከለቀምናቸው የሚበልጡትን ወራጁ ወሰዳቸው። አጎቴ ማታ አንዱን ሲቀድዱት እንቁላል ሞልቶ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ። «ማን ነው በእርጉዝ ላይ እጁን ያነሣ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም አልመለስኩም።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ እንግሊዝ ወንዞች ነገሩኝ። ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በወንዞቻቸው ላይ ካርፕንና መሰሎቹን ማጥመድ ክልክል ነው፤ ዓሦቹ የሚራቡበት ጊዜ ነውና። ከ13 ዓመት ጀምሮ ዘንግ ይዞ ውሃ ዳር የሚቀመጥ ሁሉ ፈቃድ ያወጣል። ዬትስ ያንን ካርፕ የያዘበት ሰኔ 16 ተራ ቀን አልነበረም፤ ያኔ ኩሬዎችም ይዘጉ ነበርና ወቅቱ የሚከፈትበት ማለዳ ነበር። «አንተ ልጅ ነበርክ» አሉኝ በመጨረሻ። «ጥሬውን ሽምብራ ያመጣህልኝ ጊዜ ግን ልጅ አልነበርክም።» ያን ዕለት ለምን እንደዚያ እንደተቆጡኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽማግሌው ጉልበታቸው ደክሞ ማጥመዱን ከተዉ ቆዩ። ባልዲያቸው እኔ ጋ ነው። እናቴም ጠላ መጥመቅ አቁማለች፤ ጋኖቿ ከጓሮ ተደፍተው ዶሮ ይቀፈቅፍባቸዋል። ባለፈው ለጥምቀት ባሕር ዳር ስሄድ ግን ከእሷ ጋር ተመካክረን በቆሎ ዘፈዘፍን፣ ቀቀልን፣ ሦስት ቀን አስቀመጥነው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። «አፌን ውሃ ሞላው፤ ሂድ» አለችኝ።

ዳርቻው ላይ አራት ልጆች ትል ሰክተው ተቀምጠዋል። ፈቅደውልኝ አንድ ጭብጥ ከፊታቸው በተንኩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ «ጋሼ፣ ለዓሣ ንፍሮ ይቀቀላል እንዴ?» አሉ። ከዚያ የውሃው ፊት ሲርገበገብ ሳቃቸው ቆመ። ሦስት ቆሮሶ በተከታታይ ወጣ። ትልቁ ልጅ ዓይኑ በርቶ ተነሣና «ቤታችን አንድ ኩንታል በቆሎ አለ፤ ነገ ጥሬውን አምጥተን እንበትነዋለን» አለ።

«ጥሬውን ከበተናችሁ ሁለተኛ አላናግራችሁም» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ ስለሚያብጠው እህል፣ ስለ ሻጋታው፣ ስለ ብርብራውም ጭምር። እዚህም ለአንባቢ የምደግመው ያንኑ ነው። እህል ወደ ውሃ የምትወረውሩ ሁሉ፣ መጀመሪያ ቀቅሉት፤ አሽትታችሁም ጣሉት።